አፍ ሞልቶ መጾም

እናቴ የካላክላውን ሃፍላ ትታ የኦምዱርማኑን የተሳፈረች ቀን፣ እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ መቆጣት ነበር። ሃፍላ የምንለው የከተማውን ትንሽ አውቶቡስ ነው። በዚያ መስመር ሰላሳ ዓመት የተመላለሰች ሴት፣ ረዳቱ "ካላክላ! ካላክላ!" እያለ ሲጮኽ በድምፁ ብቻ የየትኛው መኪና እንደሆነ የምትለይ ሴት፣ ድልድዩን ተሻግራ ኦምዱርማን ገበያ መሃል ቆማ ተገኘች። አንድ ሽንኩርት ነጋዴ ከስልኳ ቁጥሬን አውጥቶ ደወለልኝ። እየበረርኩ ስደርስ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች።

"እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"ቤታችንን ወዴት ወሰዳችሁት?" አለችኝ፣ እኔን እየወቀሰች።

የምትቀልድ መሰለኝ። እናቴ ቀልድ ታውቃለች፤ ሰውን አስቃ እሷ ፊቷን ኮስተር አድርጋ መቀመጥ ልማዷ ነው። ስለዚህ "በይ ተነሺ፣ ሰው አታስቂብን" ብዬ ክንዷን ይዤ አስነሳኋት። መንገዱን ሙሉ ስነጫነጭባት መጣሁ። እሷ መስኮቱን ይዛ ውጭ ውጭውን ታያለች። አሁን ያንን መንገድ ሳስታውስ ራሴን እጠላለሁ።

ይህ የሆነው ጦርነቱ ካርቱምን ከማፍረሱ አራት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ያኔ መብራት ይጠፋል፣ ለዳቦ እንሰለፋለን፣ ግን ሰው በየቤቱ ነበር። እኛም በቤታችን ነበርን፤ ካላክላ ውስጥ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ግቢ፣ እናቴና እኔ።

እናቴ የወሎ ሰው ነች። ገና ልጃገረድ ሳለች ድንበር ተሻግራ መጥታ ጀሪፍ ውስጥ አንዲት ባለጸጋ አሮጊት ቤት ተቀጠረች። አሮጊቷን "ሃጃ" ነበር የምትላት፤ እዚህ አገር ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የሃጃን ግቢ ጠረገች፣ የሃጃን ቶብ አጠበችና ተኮሰች፣ በመጨረሻም ሃጃን አልቅሳ ቀበረች። ቶብ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠሙት ረጅም ጨርቅ ነው። እናቴ ያንን ሁሉ ክንድ ጨርቅ ተኩሳ ስታጥፈው ጠርዙ ከጠርዙ ላይ ልክክ ይላል። በመሃል እንደ እሷ ከወሎ የመጣ ሙስሊም ሾፌር አገባች። አባቴ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ሞተብን።

እኔ ካላክላ ገበያ ውስጥ በአንድ የሴቶች ፀጉር ቤት እሠራለሁ። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ ደንበኞቼ ለእጄ እንጂ ለአፌ እንደማይመጡ ፊት ለፊት ይነግሩኛል። ከእናቴ ጋር እሷ በአማርኛ ስትናገረኝ እኔ በዓረብኛ ስመልስላት ነው ያደግሁት። ሁለታችንም እንግባባለን፣ ማንም አይቸገርም ነበር። ይህንን የምጽፍበትን አማርኛ ያነሳሁት፣ እናቴ ዓረብኛዋን ስትጥል ነው።

ከኦምዱርማኑ ነገር በኋላ በጥቂት ወር ውስጥ ፍራሽዋን ሳነሳ ከሥሩ አንድ ቶብ አገኘሁ። መሃሉ ላይ የካውያ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ተቃጥሏል። እናቴ ልብስ አቃጥላ አታውቅም። አንዴም። "ይሄ ምንድን ነው?" ብዬ ስዘረጋው ከእጄ መንጭቃ ደረቷ ላይ ሸሸገችው።

"ቀስ በይ!" አለችኝ። "ሃጃ እንዳታይብኝ።"

ሃጃ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ያን ጊዜ ነው መቆጣቴን ትቼ መፍራት የጀመርኩት።

ጎረቤቶቻችን "ኸረፍ ነው፣ እርጅና ነው" አሉኝ። ሐኪሙ ግን የመርሳት በሽታ ነው አለ፤ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ገልብጦ ሦስት ደረጃ ሣለልኝ። በመጀመሪያው ዕቃና መንገድ ትረሳለች። በሁለተኛው ሰው ትረሳለች፣ ጠባይዋ ይለወጣል፣ ከቤት ወጥታ ትጠፋለች። በሦስተኛው ገላዋን ትረሳለች፤ መራመድ፣ ማላመጥ፣ መዋጥ።

"መቼ ነው ከአንዱ ወደ አንዱ የምትወርደው?" አልኩት።

"በሰው በሰው ይለያያል። አዲሱ ቀድሞ ይጠፋል፣ የቆየው ይቀራል። ዕድሜዋን ወደ ኋላ እየሄደች እንደሆነ ቁጠሪው።"

ይህንን ሁሉ ሲነግረኝ ድምፁ የጉንፋን ሽሮፕ የሚያዝ ነው የሚመስለው። ተናደድኩበት። ወረቀቱን ግን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ለሁለት ዓመት ያህልም ስልኬን ባወጣሁ ቁጥር እጄ ይነካዋል።

ሁለተኛው ደረጃ በአንድ ሰላምታ ገባ። የጎረቤታችን ሴትዮ በበራፍ ስታልፍ "ኬፍ ሃሊክ ያ ሃጃ?" አለቻት፣ እንደ ዘወትሩ። እናቴ ፈገግ ብላ አየቻትና ወደ እኔ ዘወር አለች።

"ምን አለችኝ?"

"እንዴት ነሽ ነው የምትልሽ፣ እማዬ።" ሰላሳ ዓመት የኖረችበትን ቋንቋ ላስተረጉምላት ነው እንግዲህ። በዓረብኛ እየመለስኩላት ያደግሁት እኔ! በአንድ ወር ውስጥ ምንም አይደል ከሚለው "መዓሌሽ" እና በቃ ከሚለው "ኸላስ" በቀር ሁሉም ሄደ። ከእኔ ጋር መነጋገር ስትፈልግ እኔ በተሰባበረ አማርኛ እመልሳለሁ፣ እሷ ትስቅብኛለች። "ከየት አገር ነሽ አንቺ?" ትለኛለች።

ከዚያ መጥፋት መጣ። አንድ ቀን በሩን ተበርግዶ አገኘሁት። ሰፈሩን አዳረስኩ፤ የለችም። ከሰዓት በኋላ አንድ ሐሳብ መጣብኝና ጀሪፍ፣ የድሮው የሃጃ ቤት ሄድኩ። ቤቱ ከተሸጠ ቆይቷል። በሩን የከፈተችልኝ ወጣት ሴት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ አመለከተችኝ። እናቴ ግቢውን እየጠረገች ነው፤ ወገቧን አጥፋ፣ መጥረጊያውን በግራ እጇ ይዛ፣ ከማዕዘን ወደ መሃል። ያቺ ሴት ሁለት ጊዜ መጥረጊያውን ልትቀበላት ሞክራ እናቴ እሺ አላለችም።

"ሳልጨርስ አልሄድም ያለች መሰለኝ" አለችኝ። "ቋንቋዋ አልገባኝም።"

ቆሜ እስክትጨርስ ጠበቅኋት። ጠርጋ ስትጨርስ መጥረጊያውን ከውኃው በርሜል ኋላ አስገባችው፤ ድሮ ቦታው እዚያ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝ። ለእኔ ለልጇ። በመጀመሪያው ዓመት ልጇ ነበርኩ፣ በሁለተኛው እህቷ ሆኜ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ ሃጃ ሆንኩ። የምታከብረኝ አሠሪዋ። ከዚያ ሁሉ ክፉ ነገር የትኛው እንደጎዳኝ ብትጠይቁኝ ያ እጅ መንሻ ነው።

ሰላታችንን አብረን ነበር የምንሰግደው። እኔ ፊት፣ እሷ ኋላዬ። ረከዓው፣ የስግደቱ ዙር፣ ሲጠፋባት እኔን እያየች ትነሳለች፣ እኔን እያየች ትደፋለች፤ ለብዙ ወር እንዲህ ዘለቅን። አንድ ቀን ግን አሰላምቼ ሰላቱን ጨርሼ ዘወር ስል፣ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። እጆቿን አንጠልጥላ፣ ልጅ ሲጫወት እንደሚታይ አይነት እያየችኝ ነው።

"ጨረስሽ ሃጃ? ምንጣፉን ላንሳው?" አለችኝ።

ለሐኪሙ ነገርኩት። "ይሄም ይጠበቃል" አለኝ። ሁሉም ነገር ይጠበቃል እሱ ዘንድ። ስለ እጇም ነገርኩት፦ ዳቦ ስትይዝ በቶቧ ሥር እጇ ወደ ግንባሯ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ደረቷ፣ ከዚያ ወደ ትከሻና ትከሻዋ፤ ዝንብ የምታባርር ነው የሚመስለው። "መቅበዝበዝ" ብሎ ጻፈው። እኔም ተቀበልኩት።

ከዚያ የመብላቱ ነገር መጣ። እናቴ ወተት እምቢ አለች። እንቁላል እምቢ። የሥጋ መረቅ ሳቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። የጋብቻዋ አምባር ከእጅ አንጓዋ ተንሸራቶ ክርኗ ድረስ መውጣት ጀመረ። ሐኪሙ "ወተት፣ እንቁላል፣ መረቅ፣ የግድ ነው። እንዲህ ከቀጠለች አልጋ ላይ ትቀራለች፣ ከወደቀች ደግሞ አትነሳም" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሕይወቴ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ እናቴን ማብላት።

"ጾም ነው" ትለኛለች።

"እማዬ፣ ረመዳን ገና ነው።"

"ጾም ነው አልኩሽ።"

የሚያሳብደው፣ ይህንን የምትለኝ ዳቦዋን እየገመጠች ነው! እኩለ ቀን ላይ፣ ፉል በዳቦ አፏን ሞልታ "ጾም ነው" ትለኛለች። እዚህ ፉል ሲቀርብ አይብ ይደረግበታል፤ እሷ አይቡን በጣቷ አንድ በአንድ ለቅማ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ትደረድረዋለች፣ ከዚያ ባቄላውን ጥርግ አድርጋ ትበላለች። እኔ የማውቀው ጾም አንድ ነው። ጎህ ከቀደደ ጀምሮ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ አፍ ይዘጋል፤ ውኃም የለም። ስለዚህ ሳቅኩባት። ፀጉር ቤት ውስጥ ለደንበኞቼ እያወራሁ "የእኔ እናት አፏን ሞልታ ነው የምትጾመው" እያልኩ አሳቅኋቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ በእናቴ በሽታ ቤቱን በሳቅ ሞላሁት።

ከዚያ ተንኮል ጀመርኩ። እንቁላል ቀቅዬ አድቅቄ ፉሉ ውስጥ ደበቅሁ። በላች። ግማሹን ከበላች በኋላ ምላሷ ለየው። ማላመጧን አቆመች፤ አፏ ውስጥ ያለውን በመዳፏ ላይ ተፋችው፣ አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ አለቀሰች። በሽተኛ ሰው እንዲሁ ሲከፋው የሚያለቅሰው አይደለም፤ እንደ ተደፈረ ሰው ነው ያለቀሰችው። አምባሩን እያየሁ "ለጤናሽ ነው!" ብዬ ጮኽኩባት። በማግስቱ ወተት ሻይ ውስጥ ጨመርኩ። ከዚያ ወዲያ ሻይም ከእጄ አልጠጣም አለች።

በመንገዳችን ጫፍ አንዲት ኢትዮጵያዊት ትኖራለች፤ ክርስቲያን ነች፣ ከጎንደር የመጣች፣ በዕድሜ ትንሽ ትበልጠኛለች። እንጀራ ጋግራ ለየቤቱ ታደርሳለች፤ ለእኛም በሳምንት ሁለት ቀን ታመጣለች። አንድ ጠዋት እሷ ስትገባ እኔ በአንድ እጄ የእናቴን ጭንቅላት ደግፌ፣ በሌላው የወተት ብርጭቆ ከንፈሯ ላይ ደቅኜ እየታገልኩ ነበር። እናቴ ጥርሷን ነክሳ አፏን ዘግታለች። ወተቱ በአገጯ ይወርዳል።

"ጾም ነው፣ ሃጃ። ጾም ነው" አለች በጥርሷ መሃል።

ጎረቤቴ ቆመች። "ምን ምንድን ነው እምቢ የምትለው?" አለችኝ።

"ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ቅቤ፣ አይብ። ሁሉንም!"

"የምትበላውስ?"

"ምስር፣ ፉል፣ ዳቦ፣ ቲማቲም። ለእሱማ ማን ብሏት! እየበላች ነው ጾም ነው የምትለኝ።"

ጎረቤቴ የእንጀራውን ሰፌድ ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረችው። እናቴን አየች፣ የተዘጋውን አፏን አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እህቴ" አለችኝ፣ "ይሄ እኮ የእኛ ጾም ነው።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ብርጭቆውን እንዴት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፤ ትዝ የሚለኝ በሩን እያመለከትኩ "ውጪልኝ! ከቤቴ ውጪልኝ!" ስል ነው። እናቴን ሰደበችብኝ፣ አባቴን ከመቃብሩ ሰደበችብኝ ብዬ ነው የተሰማኝ። ሰፌዷን እንኳ ሳታነሳ ወጣች።

በሩን ዘግቼ ከእናቴ ፊት ለፊት አንገረቡ ላይ፣ በገመድ የተጠለፈው አልጋችን ላይ ተቀመጥኩ። ቁራሽ ዳቦ አንስቼ ሰጠኋት። እጇ በቶቧ ሥር ወጣ፤ ግንባር፣ ደረት፣ ግራ ትከሻ፣ ቀኝ ትከሻ። ዝንብ አልነበረም። ለዓመት ያህል በየቀኑ ፊቴ ስታማትብ "መቅበዝበዝ" አሰኝቼ ሐኪሙን አስጽፌዋለሁ።

ከዚያ ጨጓራዋ ትዝ አለኝ። እናቴ ጨጓራ በሽተኛ ነበረች፤ ዕድሜ ልኳን። አንዳንድ ቀን "ዛሬ ጨጓራዬ ተነስቷል" ትልና ሥጋውን ለአባቴና ለእኔ አውጥታ እሷ ፉሏን ይዛ ትቀመጣለች። በዓመት አንድ ሰሞን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ይነሳባታል፣ ሁለት ወር ገደማ፤ ወተት አትነካም። አድጌ ሥራ ስይዝ መድኃኒት ቤት እየሄድኩ የጨጓራ ኪኒን እገዛላት ነበር። "አላህ ይስጥሽ ልጄ" ብላ ተቀብላ ትውጣለች። የትኞቹ ቀናት እንደነበሩ ቆጥሬ አላውቅም። ለምን ብዬ እቆጥራለሁ? ረመዳንን እኮ ከእኛ ጋር ትጾማለች፣ ጎህ ሳይቀድ ለምንበላው ሱሁር የምትቀሰቅሰን እሷ ነች፣ የቁርኣኑን መክፈቻ ፋቲሃን ያስጠናችኝ እሷ ነች። ዕድሜ ልኬን ዋሸችኝ አልኩ። ግድግዳውን እያየሁ ጮክ ብዬ "ዋሽተሽኛል!" አልኳት። እናቴ ዳቦዋን ከቶቧ ሥር ደበቀች።

ሦስት ቀን ቆይቼ ሰፌዱን ይዤ ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ማለት አይሆንልኝም፤ "ሰፌድሽን ረስተሽ ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ፤ ግቢ" አለችኝ።

እሷ ናት ያስረዳችኝ። በእነሱ ጊዜ ደላላው መንገድ ላይ ሳሉ ስም ያወጣላቸዋል፦ "ሙስሊም ነኝ በይ፣ ይሄ ነው ስምሽ፣ ቶሎ ትቀጠሪያለሽ።" አብረዋት ከመጡት ሁለቱ እንዲያ ሆነው ነው ሥራ የገቡት። አንዷ ኋላ ስሟን መለሰች፣ አንዷ በዚያው ቀረች፣ ከልቧ ሆነላት። ወሎ ውስጥ ደግሞ በአንድ ቤት ሁለቱም ሃይማኖት ይኖራል፤ አያት አንዱን፣ ልጅ ሌላውን ይዞ አንድ ገበታ ይቀርባል። ካርቱም የተወለድኩት እኔ ይህንን አላውቅም ነበር።

"ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?" አልኳት።

"እኔ እንጃ። መጀመሪያ የሥራ ነበር። ከዚያ አባትሽን አገባች፣ ከዚያ አንቺ መጣሽ። የቱ ጋ ቆማ ትንገርሽ?"

"ግን በየቀኑ እኮ ነው ጾም ነው የምትለኝ! ሁልጊዜም ይጾማል እንዴ?"

"ቀኑ ጠፍቶባታል" አለችኝ ጎረቤቴ። "እንዳትሳሳት ፈርታ ሁሉንም እየጾመችው ነው።"

እዚያ ሰው ቤት ተቀምጬ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ጎረቤቴ ቄሱን ጠየቀችልኝ። ለታመመ ሰው ጾም እንደማይገደድ ነገሯት። መጥታ የእናቴን እጅ ይዛ "እትዬ፣ አባ ፈተውሻል፤ ወተቱን ጠጪ" አለቻት። እናቴ ፊቷ በራ፣ ጠጣች። በማግስቱ ረሳችው። እንደገና ተነገራት፣ እንደገና ጠጣች፣ እንደገና ረሳች። በአራተኛው ቀን "ይህቺ ሴትዮ ልታሳስተኝ ነው የምትመላለሰው" ብላ ፊቷን አዞረችባት። ስለዚህ ማታለሉንም ማስፈታቱንም ተውኩት፤ የጾም ምግብ ማብሰል ተማርኩ። ለውዝ ፈጭቼ በዱቄቱ ገንፎ አደረግሁላት፣ ፉሉ ላይ ከአይብ ይልቅ ጠሂና፣ የተፈጨ ሰሊጥ፣ አፈሰስኩ፣ ሽምብራውን በሰሊጥ ዘይት አሸሁ። በላች! በሁለት ወር አምባሩ ከክርኗ ወርዶ ክንዷ መሃል ቆመ።

ቁጣዬ ግን አልወረደም። እያጎረስኳት "የትኛዋ ነሽ?" ማለት እፈልጋለሁ። ኋላዬ ቆማ ስትሰግድ የነበረችው ማን ነች? ያሳደገችኝ ሴት ለሥራ ስትል የያዘችው መልክ ብቻ ነበረች? ከመሄዷ በፊት አንድ ጊዜ ከአፏ መስማት ነበር የምፈልገው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም። ስጠይቃት ግን "ምን ልሥራ ሃጃ?" ብላ ትነሳለች። እግሯም መያዝ እያቆመ ነበር፤ የሐኪሙ ሦስተኛ መስመር መጥቷል። ቃላቷም እያለቁ ነው፤ በቀን አሥር ቃል ከተናገረች ብዙ ነው።

የዚያ ዓመት ረመዳን በሙቀቱ ወር ገባ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ፣ ዳቦና የለውዝ ገንፎ ይዤላት ገባሁ። ዳቦውን ስሰጣት እንደ ልማዷ ከቶቧ ሥር ሸሸገችው። ፈርታኛለች።

"ሃጃ" አለች፣ "አታባርሪኝ። ሥራዬን እየሠራሁ ነው የምጾመው።"

ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ አላውቅም። "እኔ ሃጃ አይደለሁም" አልኳት። "እኔም እንዳንቺ ሠራተኛ ነኝ። እኔም ጾመኛ ነኝ።"

ውሸት አልነበረም፤ ጾመኛ ነበርኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ለብዙ ወር ያላየሁት ነገር ፊቷ ላይ መጣ። "የአገሬ ልጅ!" አለችና አንገረቡ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ዳቦውን ከቶቧ ሥር አወጣች፣ ለሁለት ቆረሰችው፣ ትልቁን ለእኔ ዘረጋችልኝ።

"ብይ። ምንም የለበትም። የጾም ነው።"

ዳቦውን ይዤ ቀረሁ። የማፍጠሪያው አዛን ሊል ስድስት ሰዓት ይቀራል። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያለ በቂ ምክንያት ቀን አፍርሼ አላውቅም። እናቴ ደግሞ አፌን ነው የምታየው። ካልበላሁ ሃጃ ነኝ፤ ልይዛት የመጣሁ ሃጃ። እጇ ወደ ቶቧ መመለስ ሲጀምር ቢስሚላህ ብዬ ጎረስኩ።

ሳቀች። ጠጋ አለችኝ፣ ትከሻዋ ትከሻዬን ነካ።

"ልጅ አለችኝ" አለች በሹክሹክታ። ቃላቱ አንድ በአንድ፣ እያረፉ ነው የሚመጡት። "አንዲት። ሰጋጅ ነች። ስትሰግድ… ታምራለች። ኋላዋ እቆማለሁ።"

"ትዋሻታለሽ?" አልኳት።

"ኧረ!" ተቆጣች። "የምሬን ነው የምሰግደው። ይሄም የምሬን ነው።" ዳቦዋን አሳየችኝ። "አንድ ነው የሚያየኝ።"

እጄን ያዘችኝ፤ አምባሩ ክንዴን ነካው።

"እሷ ግን ልጅ ነች፣ አይገባትም። ቁጡ ነች። ብታውቅ ዋሸሽኝ ትለኛለች። አደራሽን፣ የአገሬ ልጅ፣ እንዳትነግሪያት።"

አፌን በዳቦ እንደሞላሁ "አልነግራትም" አልኳት።